ግሪሳ መሪ የለውም፤ ታዲያ ማን ያጥፈዋል?

ማሽላው ወተት መያዝ ሲጀምር ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው ቆላ አንድ ክርክር አይቀርም፤ የግሪሳ ወፍ መንጋ መሪ አለው ወይስ የለውም? አብዛኛው ሰው አለው ባይ ነው። ከፊት ከፊት የምትበረዋን በወንጭፍ ያገኘ መንጋውን በተነ ይባላል። መቶ ሺህ ወፍ በአንድ ቅጽበት ሲታጠፍ ያየ ሰው አዛዥ ቢፈልግለት አይፈረድበትም። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሴሉስ እንኳ ስንት ዘመን ወፍ ሲመለከት የኖረ ሰው ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳብ ከወፍ ወደ ወፍ በቀጥታ ይተላለፍ ይሆናል እስከ ማለት ደርሷል።

መሪ የለም። የሚተላለፍ ሐሳብም የለም። ያለው እያንዳንዷ ወፍ ጥቂት ጎረቤቶቿን እያየች የምታደርገው ትንሽ ትንሽ ማስተካከያ ነው። ይህ ለክርክር ማሸነፊያ ብቻ የሚሆን እውቀት አይደለም፤ በደንብ የገባው ወፍ ጠባቂ ድንጋዩን የሚልክበት ቦታም ሰዓቱም ይለወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1987 ክሬግ ሬይኖልድስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ስክሪን ላይ መንጋ ለማብረር ሦስት ትእዛዝ እንደሚበቃ አሳየ። በጣም ከቀረበሽ ጎረቤት ራቂ። ጎረቤቶችሽ በሚሄዱበት አቅጣጫና ፍጥነት ሂጂ። ጎረቤቶችሽ ወዳሉበት መሐል ተጠጊ። ስለ መንጋው ቅርጽም ሆነ ስለ መሪ አንድ መስመር አልጻፈም። ነጠብጣቦቹ ግን ተሰብስበው በረሩ፤ እንቅፋት ሲገጥማቸው ለሁለት ተከፍለው አለፉና መልሰው ገጠሙ።

ይህ እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል እንጂ እውነተኛ ወፍ እንዲህ እንደምታደርግ አያረጋግጥም። ማረጋገጫው ልኬት ይፈልግ ነበር፤ ልኬቱ የመጣው ከሮም ነው። በአውሮፓ የቅዝቃዜ ወራት ስታርሊንግ የሚባሉት ወፎች ማታ ማታ ሮም ከተማ ውስጥ ለአዳር ይሰበሰባሉ። የጣሊያን የፊዚክስ ሰዎች፣ አንድሪያ ካቫኛ፣ ኢሬኔ ጃርዲና እና በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ኖቤል የተሸለመው ጆርጆ ፓሪሲ ያሉበት ቡድን፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ካሜራዎች ተከሉ። ካሜራዎቹ እኩል እየተኮሱ በሰከንድ 10 ፎቶ ያነሳሉ። ከተለያየ ቦታ የተነሱት ፎቶዎች ሲጣመሩ እያንዳንዷ ወፍ ከመሬት ስንት ሜትር ከፍ እንዳለች፣ ከጎኗ ማን እንዳለ በቁጥር ይወጣል። በመቶዎች ከሚቆጠሩ ጀምሮ ከ2,000 በላይ ወፍ እስካላቸው መንጋዎች ድረስ እንዲህ ለኩ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ውጤት ሦስቱን ትእዛዞች አልሻረም፤ «ጎረቤት» የሚለውን ግን ለወጠው። ከዚያ በፊት ሁሉም ሰው ወፏ በዙሪያዋ ይህን ያህል ሜትር ውስጥ ያሉትን ታያለች ብሎ ነበር የሚያሰላው። የተገኘው ሌላ ነው፦ ምንም ያህል ይራቁ፣ በጣም ቅርብ የሆኑትን ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ትከተላለች። እንዴት አወቁ ቢባል፣ የቅርብ ጎረቤት ከፊት ወይም ከኋላ መሆኗ ብርቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጎን ናት። ይህ አድልዎ በሁለተኛዋ፣ በሦስተኛዋ ጎረቤት እየቀነሰ ይሄድና ስድስተኛዋ ሰባተኛዋ ጋ ሲደረስ ይጠፋል። መንጋው ጥቅጥቅ ያለም ቢሆን፣ የሳሳም ቢሆን የሚጠፋው እዚያው ቁጥር ላይ ነው። ሜትር ቢሆን ኖሮ ከመንጋው ጥግግት ጋር አብሮ ይለወጥ ነበር።

ልዩነቱ ጭልፊት ሲገባ ይታያል። ጭልፊት የወረደበት መንጋ በአንድ በኩል ይጨመቃል፣ በሌላ በኩል ይዘረጋል። ወፏ የምትከተለው «በአንድ ሜትር ውስጥ ያለውን» ቢሆን የተዘረጋው ክፍል ጎረቤት አጥቶ ይበታተን ነበር፤ ብቻዋን የቀረች ወፍ ደግሞ የጭልፊት ቀለብ ናት። ሰባት ጎረቤት ግን ቢርቁም ሰባት ናቸው። ለምን ሃያ አልሆነም የሚለውን እ.ኤ.አ. በ2013 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዋ ናኦሚ ሌናርድ ከጣሊያኖቹ ጋር ሆና አስልታዋለች፤ ከስድስትና ሰባት በላይ የሚጨመር ጎረቤት መንጋውን ለማጽናት የሚያዋጣው ከሚጠይቀው ድካም ያንሳል።

በነገራችን ላይ ከታች ሲታይ ድፍን የሚመስለው መንጋ ድፍን አይደለም። የስታርሊንግ መንጋ ሲለካ ሳሳ ያለ፣ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ ነገር ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚጠጋጋውም መሐሉ ሳይሆን ጠርዙ ነው። ሲታጠፍም ሁሉም ወፍ በየራሷ እኩል ቅስት ትዞራለች፤ ስለዚህ ከመታጠፉ በፊት ፊት የነበረችው ከታጠፉ በኋላ ጎን ላይ ትገኛለች። «መሪዋ» ተብላ በጣት የተጠቆመችው ወፍ አንድ እጥፋት ካለፈ በኋላ መሪ አይደለችም።

ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ይህን ሁሉ ፓይተን በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በግማሽ ቀን ጽፎ ሊያየው ይችላል። 800 በ600 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) የሆነ መስኮት፣ 200 ወፍ፤ ለእያንዳንዷ ቦታና አቅጣጫ በዘፈቀደ ይሰጣታል። በየእርምጃው ቅርብ የሆኑትን 7 መፈለግ፤ ከ15 ፒክስል በታች ከቀረበች ጎረቤት የሚያርቅ ቀስት፣ የሰባቱ አማካይ አቅጣጫ፣ ወደ ሰባቱ መሐል የሚወስድ ቀስት ማስላት፤ ለመጀመሪያው 1.5፣ ለሁለቱ 1 ክብደት ሰጥቶ መደመር፤ በአንድ እርምጃ ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳትዞር መገደብ፤ እስከ 5 ዲግሪ የሚደርስ የዘፈቀደ ስሕተት መጨመር፤ 3 ፒክስል ወደፊት ማስኬድ። ቁጥሮቹ መነሻ ናቸው፤ ከዚያ እየነካኩ ማየት ነው።

ጨዋታው ያለው ሲበላሽ ነው። የሦስተኛው ትእዛዝ ክብደት ከበዛ መንጋው ተኮማትሮ እዚያው ይሽከረከራል። ሁለተኛውን ዜሮ ካደረጉት ጽዋ ላይ የሚያንዣብብ ትንኝ ይሆናል፤ አለ፣ ግን የትም አይሄድም። ጎረቤት ወደ 2 ከወረደ መንጋው ትናንሽ ቡድን ሆኖ ይበጣጠሳል። ወደ 200 ከወጣ ደግሞ ሁሉም የሁሉን አማካይ ስለሚከተል፣ ጠርዝ ላይ ጭልፊት ያየችው አንዷ ወፍ ድምጿ ይዋጣል። የዘፈቀደውን ስሕተት ከፍ ሲያደርጉት ለተወሰነ ጊዜ ምንም አይመስልም፤ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ሥርዓቱ ይፈርሳል። ይህን ሃንጋሪያዊው ታማሽ ቪቼክ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1995 አሳይቷል፤ ጥግግትም እንዲሁ ነው፤ ሲሳሳ ሥርዓት አይኖርም።

ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ። የአንዷን ወፍ አዲስ ቦታ አስልቶ ወዲያው ካንቀሳቀሷት፣ ቀጥላ የምትሰላው የተንቀሳቀሰችውን ታያለች፤ ዝርዝሩ ላይ ቀድማ የተጻፈች ወፍ ሳይታወቅ መሪ ትሆናለች። መጀመሪያ የሁሉንም ማስላት፣ ከዚያ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ይገባል። ወፎቹን 2,000 ሲያደርጓቸው ደግሞ ኮምፒውተሩ በየእርምጃው 4 ሚሊዮን ርቀት ሊያሰላ ስለሚሞክር ይንፏቀቃል፤ መስኮቱን በትናንሽ ካሬ ከፍሎ በአጎራባች ካሬ ያሉትን ብቻ መፈለግ ያድነዋል።

ወደ እውነተኛው መንጋ እንመለስ፤ ዋናው ጥያቄ እጥፋቱ ነው። መሪ ከሌለ ማን ይጀምረዋል?

ዌይን ፖትስ የተባለ አሜሪካዊ የባሕር ዳርቻ ወፎችን ሲታጠፉ ፊልም አንሥቶ ፍሬሙን እየቆጠረ መረመረ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ። ላቦራቶሪ ውስጥ አንዷ ወፍ በድንገት ስትደነግጥ ለመንቀሳቀስ 38 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። አየር ላይ ግን እጥፋቱ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚያልፈው በ15 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነበር፤ ከድንጋጤም ይፈጥናል። መልሱ ወፏ የቅርብ ጎረቤቷን ብቻ አለመጠበቋ ነው፤ እጥፋቱ ከሩቅ እየመጣ ስታየው ጊዜውን አስልታ ትቀበለዋለች። ማኅሌት ላይ ወረብ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ከሰልፉ ጫፍ ያለው ደብተራ መቋሚያውን የሚያነሣው አጠገቡ ያለው ሲያነሣ ጠብቆ አይደለም፣ ንቅናቄው ከወዲያ ሲመጣ ያየዋልና ሲደርስ አብሮ ይነሣል። የመጀመሪያዎቹ ጎረቤቶች ብቻ ሩቅ የሚያዩት ስለሌላቸው ዘግየት ይላሉ።

ፖትስ ሌላም ነገር አየ፤ ማማ ላይ ቆሞ ማሽላ ለሚጠብቅ ሰው የሚጠቅመው ይኸው ነው። ጠርዝ ላይ ያለች ወፍ ወደ መንጋው መሐል ስትታጠፍ ሌሎቹ ይከተሏታል። ወደ ውጭ፣ ከመንጋው ርቃ ስትታጠፍ ግን አይከተሏትም። ከጭልፊት አንጻር ሲታይ ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ከጠርዝ ወደ ውስጥ የምትገባ ወፍ አንድ ነገር አይታ ነው።

ጣሊያኖቹ እ.ኤ.አ. በ2014 የስታርሊንግን እጥፋት ሲለኩ ዜናው በመንጋው ውስጥ በሰከንድ ከ20 እስከ 40 ሜትር እንደሚሮጥ፣ እየራቀም ሲሄድ እንደማይደክም አገኙ። የሚጀምሩትም ጎን ለጎን ያሉ ጥቂት ወፎች ናቸው፤ በኋላ እንደታየው አብዛኛውን ጊዜ ከተሾለው የመንጋው ጫፍ። ወፎቹ አቅጣጫቸው ይበልጥ በተስማማ ቁጥር ዜናው ይፈጥናል። መንጋው ላይ ጥቁር ጥላ ሲያልፍ የሚታየውም ይህ ነው፦ ወፎቹ በዚያ በኩል በዝተው ሳይሆን ጋደል ብለው የክንፋቸውን ስፋት ስላሳዩ ነው የጠቆረው።

ሁሉም ወፍ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ርግብ ውስጥ መሪ አለ፤ ቤት የሚመለሱ ርግቦች ላይ ጂፒኤስ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ጥናት የማን አቅጣጫ ለውጥ ማንን እንደሚቀድም ተለክቶ ተዋረድ ተገኝቷል። መንጋው ግን አሥር ገደማ ነበር። በጉልበት በኩል ደግሞ ተጠጋግቶ መብረር ለርግብ ትርፍ የለውም፣ እንዲያውም ክንፍ ማርገብገቡን ያበዛዋል። እንደ V ፊደል ሁለት ክንድ ሠርተው የሚሄዱት እንደ ይብራ ያሉት ትላልቆቹ ናቸው ከፊተኛው ክንፍ በሚነሣው አየር ጉልበት የሚቆጥቡት። ግሪሳ ከዚህ ወገን አይደለም።

ግሪሳ ከ15 እስከ 26 ግራም የሚመዝን፣ ወንዱ ምንቃሩ ቀይ የሆነ ትንሽ ወፍ ነው። በዓለም ላይ ካሉት የዱር ወፎች ሁሉ ቁጥሩ የሚበልጥ እሱ ነው ይባላል፤ በቢሊዮን ይገመታል። አንዷ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትበላለች፤ አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ማለት በቀን 100 ኩንታል ነው፣ የሚያራግፈው ሳይቆጠር። ምርጫው የዱር ሣር ዘር ነው፤ ወደ ማሽላው የሚዞረው ያ ሲያልቅበት ነው። ሣር ዳር ዳሩን ሞልቶ ዘር ያፈራበት እርሻ መጀመሪያ የሚጎበኘውም ለዚህ ነው።

መሬት ላይ ሲበላ የሚያደርገው ነገር ሕጉን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ፊት ያሉት እየለቀሙ ይሄዳሉ፤ ኋላ ያሉት የተለቀመበት ላይ ይደርሱና በፊተኞቹ ራስ ላይ ዘለው ካልተነካው ላይ ያርፋሉ። የቀሩት እንደገና ይዘላሉ። ከሩቅ ሲታይ ሜዳው ላይ የሚንከባለል ደመና ነው። ማንም ወፍ ለረጅም ጊዜ ፊት አትሆንም።

ቀኑንም ይከፍለዋል። ጎሕ ሲቀድ ካደረበት ግራር ወይም ደንገል ይነሣል፤ ጠዋት ይበላል፣ ፀሐይ ሲበረታ ውሃ ቀርቦ ጥላ ውስጥ ያርፋል፣ ከሰዓት በኋላ እንደገና ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። ስለዚህ ማማ ላይ ሰው መታጣት የሌለበት ከንጋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ገደማ፣ ከዚያም ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው። ጠዋት ደክሞ የዋለ ልጅ በ10 ሰዓት ማማ ላይ ሲያንቀላፋ የሚጠፋው ይበዛል፤ አንድ ሰው ሁለቱን ፈረቃ አይችለውም፤ መቀያየር ያስፈልጋል።

አሁን ወንጭፉ። መንጋው ከማረፉ በፊት ዝቅ ብሎ ይዞራል፤ ጥቂቶች ያርፋሉ፣ የቀሩት እነሱን አይተው ይወርዳሉ። ጩኸቱም ጅራፉም ድንጋዩም ያኔ ነው። ካረፉ በኋላ ማሽላው ራስ ውስጥ ያሉት እርስ በርስ ብዙም አይተያዩም፤ የአንዷ መደንገጥ ለሌላዋ አይደርስም፤ ከአንድ ጥግ ሲያነሷቸው ሌላው ጥግ ላይ ይዘቅጣሉ። አየር ላይ ሳሉ ግን ዜናው ራሱ ይሮጥልዎታል።

ድንጋዩ መሐል አይላክ። መሐሉን የመታ መንጋውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ግማሹ ተመልሶ እርሻው ላይ መውደቁ የታወቀ ነው። የሚሻለው እንዳያርፍ በሚፈለገው በኩል ያለውን ጠርዝ፣ በተለይ የሾለውን ጫፍ፣ ማስደንገጥ ነው፤ እነዚያ ወደ መሐል ሲታጠፉ መንጋው ይከተላቸዋል። ከኋላ ማባረርም ወደፊት ያፈጥነዋል እንጂ አያጥፈውም፤ ፊቱ ያለው የራስ ማሽላ ከሆነ ያው ነው። ለዚህ ነው ማማ ከማሽላው ራስ በላይ ወገብ ያህል ከፍ ማለት ያለበትና እርሻው መሐል ሳይሆን መንጋው ብዙ ጊዜ በሚመጣበት በኩል መሠራት ያለበት።

ማስፈራሪያ የለበሰ እንጨት፣ በገመድ የታሰረ ቆርቆሮ፣ የሚያብለጨልጭ የካሴት ክር ለጥቂት ቀን ይሠራሉ። ከዚያ ግሪሳው ይለምዳቸዋል። ጥቂት ደፋሮች ያርፋሉ፣ ምንም አይሆኑም፣ የቀሩት እነሱን ይከተላሉ። መንጋን የሚያድነው ሕግ መንጋን ያደፋፍረዋል። ቦታቸውን መለዋወጥ፣ አንዱን አውርዶ ሌላውን መስቀል፣ ከሁሉም በላይ ሰው ራሱ ወዲያ ወዲህ ማለቱ ልማዱን ያዘገየዋል።

አንድ ገበሬ ብቻውን ቢጠብቅ የሚያተርፈው ለራሱ ነው፤ መንጋው ወደ ጎረቤት ይዞራል፣ እዚያ ጠባቂ ከሌለ ጠግቦ ነገ ይመለሳል። ጎጡ በሙሉ በአንድ ሰሞን ቢዘራ ጉዳቱ በሁሉም ላይ ይሳሳል፤ ቀድሞ የደረሰ ወይም ዘግይቶ የቀረ ማሽላ ብቻውን ይበላል። የደረሰውን ሳያድር ማጨድም ከማንኛውም ወንጭፍ ይበልጣል።

መንጋው ከአቅም በላይ ከሆነ መፍትሔው እርሻው ላይ የለም፤ አዳሩ ላይ ነው። አዳሩን ለማግኘት ማታ መንጋው ሲመለስ ሁለት ሰው ሁለት ጉብታ ላይ ይቆምና በስልኩ ኮምፓስ መንጋው የሚያልፍበትን አቅጣጫ በዲግሪ ይይዛል፤ ሁለቱ መስመሮች ካርታ ላይ የሚገናኙበት አካባቢ ይፈተሻል። መንጋው አዳሩን በአሥር የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ሊሄድ ስለሚችል ምንም ካልተገኘ በማግስቱ ወደዚያው አቅጣጫ ቀርቦ መድገም ነው። መድኃኒት የሚረጨው አመሻሽ ላይ፣ ወፎቹ አዳራቸው ሲገቡ ነው፤ የሚረጨውም በባለሙያ ብቻ ነው። በመድኃኒት የሞተ ግሪሳ ለሰውም ለዶሮም ለውሻም ምግብ አይሆንም፤ የበላው ጭልፊት ይሞታል፣ ጭልፊት ሲያልቅ ግሪሳው ያተርፋል።

ለግብርና ጽሕፈት ቤቱ «ብዙ ግሪሳ መጣ» ማለት አይረዳም። ሁለት ዛፍ መርጦ በመካከላቸው በአንድ ሰከንድ የሚያልፈውን መገመት ይቻላል፦ መጀመሪያ 10 ወፍ ቆጥሮ የሚይዙትን ስፋት በዓይን መያዝ፣ ያ ስፋት ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ መቁጠር፤ ከዚያ በሰዓት ማብዛት። በሰከንድ 300 እያለፈ 20 ደቂቃ ከቆየ 360,000 ወፍ ነው፤ በቀን 36 ኩንታል። ይህን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመጣበትንና የሄደበትን አቅጣጫ፣ ማሽላው ወተት ላይ ይሁን ደርቆ እንደሆነ ጽፎ ማድረስ፤ በማግስቱም ቆጥሮ ማደስ።